ቁንዱዶ ላይ ለማደር አንድ አሠራር አውጡልን

ይድረስ ለምሥራቅ ሐረርጌ ዞን የቱሪዝም ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልን።

እኛ የድሬዳዋ ልጆች ነን። ከሐረር ጓደኞቻችን ጋር ሆነን በመጪው ጥቅምት የቁንዱዶን ተራራ በእግር ልንወጣ፣ ሦስት ሌሊትም ድንኳን ጥለን ልናድር አስበናል። ዕቃው አለን፣ ጉልበቱም አለን። የቸገረን ማንን አስፈቅደን፣ ከማን ጋር ወጥተን፣ የት እንደምናድር የሚነግረን ማጣታችን ነው።

አንዱ ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ ይላል። ደብዳቤ ጻፉልን ስትል ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ። እንደምንም ተገኝቶ ተራራው ሥር ስትደርስ ሚሊሻው ስለ ደብዳቤው የሰማው የለም። እሱን አልወቅሰውም፤ የማያውቀው ሰው ሲመሽ ድንኳን ተሸክሞ ሰፈሩ ከመጣ መጠየቅ ሥራው ነው።

ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚመለስ ሰው ይሄ ሁሉ ላያስጨንቅ ይችላል። ማደር ግን ሌላ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የቁንዱዶ አናት ወደ 3,000 ይጠጋል፣ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር በካናቴራ የሚያመሽ ልጅ እዚያ በጋቢ ብቻ ሌሊቱን አይዘልቀውም። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ብርዱ ይብሳል።

ከብርዱም ውሃው ያሳስበኛል። አንድ ሰው ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 4 ሊትር ቢይዝ፣ ለሦስት ቀን 12 ኪሎ ውሃ ብቻ ሊሸከም ነው። በዚያ ላይ ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ በሶውና ቆሎው አለ። ምንጩ የት እንዳለ፣ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ የሚያውቁት የጉርሱምና የጃርሶ ልጆች ናቸው፤ ከብት ሲጠብቁ ያደጉበት ነው። እነሱን አሠልጥናችሁ አስጎብኚ አድርጉልን። አህያ ያለውም ዕቃ ጭኖ ገንዘብ ያግኝ።

አዲስ ነገር ፍጠሩ አላልንም። ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፣ ይከፍላል፣ ስካውት የሚባል ጠባቂ ይመደብለታል፣ ከዚያ ሳንካበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ በታወቀ ቦታ ያድራል። ለቁንዱዶም ፉኛን ቢራ ከተማ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብና ደረሰኝ የሚቆርጥ አንድ ሰው ይበቃል። እዚያ የተመዘገበ ሰው ስሙ በዚያው ቀን ለቀበሌውና ለሚሊሻው ይነገር፤ ሳይመለስ ከቀረም የሚፈልገው ይኖራል።

አናቱ ድረስ የመኪና መንገድ ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። የተራራው አናት ሜዳ ነው፣ እዚያ የዱር ፈረሶች አሉ፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው። መኪና ከገባ ሙዚቃው፣ ሃይላንዱና ፌስታሉ ተከትሎ ይገባል። ፌስታል የበላ ከብት ምን እንደሚሆን የትኛውም ገበሬ ይነግራችኋል፤ ፈረሱም ከዚያ አያመልጥም። ለእግረኛውም ቢሆን ደንብ ይውጣለት። ድንኳን ፈረሶቹ ከሚግጡበትና ከሚጠጡበት ራቅ ይበል። ማገዶ መቁረጥ ይከልከል፣ ቡታጋዝ ይዘን እንወጣለን። ስንት ሃይላንድ ይዘን እንደወጣን መዝገቡ ላይ ይጻፍ፣ ስንወርድ ይቆጠር፣ የጎደለበት ይቀጣ። እኛንም ጭምር። ተራራው ላይ ያሉት ዋሻዎች ውስጥ ደግሞ ያለ አስጎብኚ ማንም አይግባ፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ድንጋይ በሺህ ዓመታት ጠብታ የተሠራ ነው፣ አንዴ ከተሰበረ አለቀ።

እባካችሁ እስከ መስከረም አጋማሽ መልስ ስጡን፤ ቤተሰቦቻችንም የት እንደምናድር ሳያውቁ አይለቁንም። የአስጎብኚውንና የአህያውን ክፍያ ቁርጥ አድርጋችሁ ጽፋችሁ፣ ቅዳሜና እሑድም ከሚነሳ ስልክ ቁጥር ጋር በራችሁ ላይ ለጥፉልን።