ስለ ፓሪስ የጎቲክ አብያተ ክርስቲያናት፦ ጉብኝቱ ከኖትር ዳም አይጀመር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ፓሪስ ጥንታዊ የጎቲክ አብያተ ክርስቲያናት (ሾጣጣ ቅስትና ሰፋፊ የመስታወት መስኮት ባለው በመካከለኛው ዘመን አሠራር ስለ ታነጹት) የወጣውን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሞና አነበብሁት። ጸሐፊው ይህን ርእስ መምረጣቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ይሁን እንጂ አንባቢውን በግማሽ ቀን ከኖትር ዳም ካቴድራል ወደ ሳንት ሻፔል ጸሎት ቤት አሩጠው ወደ ሆቴሉ የሚመልሱበት ዕቅድ፣ እኔ ራሴ በመጀመሪያው ጉዞዬ የሠራሁት ስሕተት በመሆኑ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። ስለ መግቢያ ትኬት የተጻፈው ደግሞ የአንባቢን ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር መታረም አለበት እላለሁ።

ከትኬቱ ልነሣ። ወደ ኖትር ዳም ለመግባት አስቀድሞ ትኬት መግዛት ግድ ነው መባሉ ትክክል አይደለም። ይህን የምለው ከሕግ ተነሥቼ ብቻ ሳይሆን ከኪሴም ጭምር ነው። ካቴድራሉ ዳግም ከተከፈተ በኋላ ከባለቤቴ ጋር በሄድሁ ጊዜ፣ በኢንተርኔት ካገኘሁት አንድ ሻጭ ሁለት ትኬት ገዝቼ፣ በወረቀት አሳትሜ፣ እንዳይጨማደድ በፕላስቲክ አድርጌ ይዤ ነበር። በር ላይ የቆመችው ወጣት ወረቀቱን ተቀብላ ግራ ቀኝ ካገላበጠች በኋላ «ጌታዬ፣ እዚህ የሚሸጥ መግቢያ የለም፤ ይግቡ» ብላ መለሰችልኝ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ጎቲክ ባወራሁ ቁጥር ያችን ወረቀት ታነሣብኛለች። በካቴድራሉ በራሱ ድረ ገጽ ሰዓት ማስያዝ ይቻላል፤ እሱም በነጻ ነው። ሳያስይዙ ተሰልፎ መግባትም አይከለከልም።

የነጻነቱ ምክንያት ደግሞ የሰዎች ቸርነት አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1905 ሃይማኖትንና መንግሥትን የለየው ሕግ ከወጣ ወዲህ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካቴድራሎቹ የመንግሥት፣ ቀድመው የተሠሩት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትም በአብዛኛው የየማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ሆነው ለአምልኮ አገልግሎት የተተዉ ሲሆኑ፣ ጉብኝታቸው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና ክፍያ እንዳይጠየቅበት ይኸው ሕግ ይደነግጋል። በ2024 መጸው የባህል ሚኒስትሯ ራሺዳ ዳቲ ከኖትር ዳም ጎብኚዎች 5 ዩሮ ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ ባቀረቡ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያልተቀበለችውም በዚሁ መነሻ ነው። ማማዎቹንና ዕቃ ቤቱን ለማየት ግን ይከፈላል። ሳንት ሻፔል በሙሉ የሚያስከፍለው ዛሬ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን በመንግሥት የሚተዳደር ቅርስ በመሆኑ ነው። በሳን ዴኒ ባዚሊካ (ታላቅ ቤተ ክርስቲያን) ደግሞ ወደ ዋናው አዳራሽ በነጻ ተገብቶ፣ ነገሥታቱ ወደ ተቀበሩበትና ከመንበሩ በስተጀርባ ወዳለው ክፍል ለማለፍ ይከፈላል። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ቢወጣ አያስቆጭም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልመለስ። ጽሑፉ ሳን ዴኒን በአንዲት ዓረፍተ ነገር «ጊዜ ከተረፈ» ብሎ አልፎታል። የጎቲክ አሠራር ራሱ የተወለደበትን ቦታ ለተራፊ ጊዜ መተው ግን መጽሐፍን ከመካከሉ ገልጦ እንደ ማንበብ ነው። ባዚሊካው ከፓሪስ በስተሰሜን ባለችው በሳን ዴኒ ከተማ የሚገኝ ሲሆን፣ የሜትሮው 13ኛ መስመር ከደጁ አጠገብ ያደርሳል። የገዳሙ አበምኔት ሱዤር አሮጌውን ሕንጻ ከፊት ለፊቱ ጀምሮ ማደስ ከያዙ በኋላ፣ በምሥራቅ በኩል ያለውን ክፍል በ1140 አስጀምረው ሰኔ 11 ቀን 1144 ንጉሥ ሉዊ 7ኛ በተገኙበት አስመረቁት። አራት ዓመት እንኳ አልፈጀም ማለት ነው። ሾጣጣ ቅስትም ሆነ በድንጋይ አጥንቶች የተዋቀረ ጣሪያ ከዚያ በፊት በሌሎች ቦታዎች ይታወቅ ነበር፤ የሳን ዴኒ ግንበኞች ያደረጉት ሁለቱን አዋሕደው ግድግዳውን ከሸክም ነጻ ማውጣት ነው። የጣሪያው ክብደት በአጥንቶቹ በኩል ወደ ቀጫጭን ምሰሶዎች ከወረደ ግድግዳው የሚሸከመው ነገር አይኖርምና፣ በቦታው መስታወት ሊቆም ይችላል። ሱዤር የፈለጉትም ይህንኑ ብርሃን ነበር።

ይህን በቃል ከማስረዳት ይልቅ በጠዋት ሄዶ ማየት ይቀላል። መንበሩ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ፀሐይ ገና ከፍ ሳትል ብርሃኑ ከፊት ለፊት ይመጣል። በመንበሩ ዙሪያ በሁለት ረድፍ የቆሙት ምሰሶዎች አንድ ሰው በሁለት ክንዱ ሊያቅፋቸው የሚችል ይመስላል፤ ከእነርሱ ኋላ የተደረደሩት ትናንሽ ጸሎት ቤቶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መስኮት ስላላቸው፣ ከመካከል ቆሞ ለሚያያቸው የሚለያያቸው ግድግዳ የጠፋ ያህል ነው። በመካከለኛው ጸሎት ቤት ባለው የክርስቶስን ልደትና ሕፃንነት በሚያሳየው መስኮት ላይ፣ ብስራቱ በተሣለበት ክፍል ዝቅ ብሎ ለተመለከተ ሰው፣ በእመቤታችን እግር ሥር የተደፋ አንድ መነኩሴ ይታያል። ሱዤር ናቸው፤ ስማቸውም ተጽፎበታል። የገዳሙ አለቃ ራሳቸውን እንዲህ አሳንሰው፣ ነገር ግን ማንም እንዳይረሳቸው አድርገው ማሣላቸው ፈገግ አሰኝቶኛል።

በዚያው ሕንጻ ያሉትን የነገሥታት መቃብሮች ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣቸውም። ሁሉንም ላንሣ ብል ቦታ አይበቃኝም፤ አንዱን ብቻ እጠቅሳለሁ። የንጉሥ ሉዊ 12ኛና የንግሥት አን መቃብር ከላይ ባልና ሚስቱን በሕይወት እንዳሉ ተንበርክከው ሲጸልዩ ያሳያል፤ ከታች ደግሞ ያው ሁለት ሰዎች ራቁታቸውን በድን ሆነው ተጋድመዋል። ቀረብ ብሎ ላስተዋለ፣ በሆዳቸው ላይ ሬሳው እንዳይፈርስ ሆድ ዕቃቸው ከወጣ በኋላ የተሰፋበት ስፌት፣ ክሩ ሳይቀር በእብነ በረዱ ላይ ተቀርጿል። በ1793 የፈረንሳይ አብዮተኞች እነዚህን መቃብሮች ከፍተው አፅሙን በጉድጓድ ጥለውታል። ድንጋዩ ግን ተርፏል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ኖትር ዳም መሄድ የሚገባው። በሳን ዴኒ በአንድ ጥግ የተሞከረው ነገር፣ በ1163 ገደማ በጳጳሱ ሞሪስ ደ ሱሊ ዘመን ግንባታው በተጀመረው በዚህ ካቴድራል ወደ 128 ሜትር ርዝመትና 33 ሜትር ያህል ከፍታ አድጎ ይታያል። እንዲህ ከፍ ያለ ጣሪያ ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ ከውጭ መደገፍ ነበረበት። ስለዚህ ጎብኚው ከፊት ለፊቱ አደባባይ ፎቶ አንሥቶ እንዳይመለስ አጥብቄ እመክራለሁ። ድልድዩን ተሻግሮ ከሴን ወንዝ ማዶ ከቱርኔል ዳርቻ ሆኖ የሕንጻውን ጀርባ ቢያይ፣ እስከ 15 ሜትር ድረስ በአየር ላይ የተዘረጉት ደጋፊ ቅስቶች ቤቱን እንዴት አቅፈው እንደያዙት ያለ አስረጂ ይገባዋል። ከውስጥ የብርሃን ቤት ነው፤ ከውጭ ሲታይ ግን የሚያስታውሰኝ ገና መወጣጫው ያልተነሣለት ግንባታ ነው። ይህን ስል የሚቀየሙኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ።

በዚህ አጋጣሚ ሁለት ነገሮችን ላርም። ጽሑፉ «የመካከለኛው ዘመን ጭራቆች» ብሎ በፎቶ ያወጣቸው፣ በማማዎቹ መካከል አገጫቸውን ደግፈው ከተማዋን የሚመለከቱት ቅርጾች፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በአርክቴክቱ ቪዮሌ ለ ዱክ እድሳት ጊዜ የተጨመሩ ናቸው። ዝናብ ከግድግዳው አርቀው የሚተፉት፣ አንገታቸው የረዘመ አሸንዳዎች ግን ሌላ ናቸው፤ እነርሱ ሥራ አላቸው። እንዲሁም ከሦስቱ በሮች በላይ የተሰለፉት 28 ሐውልቶች የፈረንሳይ ነገሥታት ሳይሆኑ የይሁዳ ነገሥታት ናቸው። እርግጥ ነው፣ በዚህ ስሕተት ጸሐፊው የመጀመሪያው አይደሉም። አብዮተኞቹም የራሳቸው ነገሥታት መስለዋቸው በ1793 የሐውልቶቹን ራስ አስቆርጠዋል። ዛሬ የሚታዩት በ19ኛው መቶ ዘመን የተተኩት ናቸው፤ ከቀድሞዎቹ ራሶች 21ዱ በ1977 በፓሪስ በአንድ ቤት ግቢ ሥር በቁፋሮ ተገኝተው አሁን በክሉኒ ሙዚየም ይገኛሉ። አፍንጫቸው የተሰበረ፣ በጉንጫቸው ላይ የቀለም ርዝራዥ የቀረባቸው እነዚያ ፊቶች ካቴድራሉ በጥንት ዘመኑ በቀለም ያሸበረቀ እንደነበር ይመሰክራሉ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2019 የተነሣው እሳት በኦክ ግንዶች የተሠራውን የጣሪያ እንጨትና የቪዮሌ ለ ዱክን ሹል ጉልላት ቢያወድምም፣ ከሥሩ ያለው የድንጋይ ጣሪያ በጥቂት ቦታዎች ከመደርመሱ በቀር መቆሙ፣ ከላይ ያልኋቸው የድንጋይ አጥንቶች ምን እንደሚሠሩ ያሳየ ነው። በታኅሣሥ 2024 ሲከፈት የዘመናት ጥቀርሻ ተወግዶለት ድንጋዩ ፈክቶ ወጥቷል። ጨለማው ይሻል ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም።

ስለ ሳንት ሻፔል ጸሐፊው ያደነቁትን እኔም አደንቃለሁ፤ በ«አሥር ደቂቃ» ታይቶ ያልቃል የሚለውን ግን አልቀበልም። ሉዊ 9ኛ ከቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ከባልድዊን 2ኛ ያገኙትን የእሾህ አክሊል ለማኖር ያሠሩትና በ1248 የተመረቀው ይህ ጸሎት ቤት፣ 15 ሜትር ያህል ቁመት ባላቸው 15 መስኮቶቹ ላይ 1,113 ትዕይንቶች ያሳያል። ጎብኚው ጣሪያው ዝቅ ካለው ከምድር ቤቱ በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ወጥቶ ድንገት በቀለም መካከል ስለሚገኝ አፉን ከፍቶ መቆሙ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን ማንበብ ይቻላል፤ ከበሩ ሲገቡ በግራ በኩል ካለው ከኦሪት ዘፍጥረት መስኮት ተነሥቶ፣ ከታች ወደ ላይ እያሉ ዙሪያውን መሄድ ነው። ለዚህም ትንሽ የርቀት መነጽር ይዞ መሄድ ከማንኛውም አስጎብኚ ይበልጣል። ቤቱ የፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ስለሆነ የፍተሻው ሰልፍ ረጅም ነው፤ ይህንንም ጽሑፉ አልጠቀሰም።

ለቀረው ቀን ደግሞ ከኖትር ዳም በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ያለው ሳን ሴቭራን አለ። ከመንበሩ ጀርባ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ የተቀረጸ አንድ ምሰሶ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የጣሪያው አጥንቶች እንደ ዘንባባ ዝንጣፊ ወደየአቅጣጫው ይበተናሉ። በዚያ ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጬ ያየሁት ጎብኚ ከአሥር አይበልጥም። በሳንት ኤቲየን ዱ ሞን ደግሞ በፓሪስ ብቸኛ ሆኖ የቀረው፣ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ የድንጋይ መጋረጃ አለ። እነዚህ ሁለቱ ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስባቸው ናቸውና እሑድ ጠዋት ካሜራ ይዞ መግባት ነውር ነው። መጎብኘት የፈለገ በሌላ ቀን ይምጣ፤ አለዚያም ተቀምጦ ኦርጋኑን ይስማ።

ስለዚህ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ቢያንስ የኖትር ዳም መግቢያ በነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስተካከያ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ። የጉዞ ዓምዱ ጸሐፊ ዳግመኛ ወደ ፓሪስ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ፣ በ1840ዎቹ ተፈርሶ የነበረው የሳን ዴኒ ባዚሊካ የሰሜን ማማ እንደገና የመገንባቱ ሥራ ተጀምሯልና፣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወደዚያው ጎራ ብለው ያዩትን ቢጽፉልን በጉጉት አነባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ