"ሙሉ ኮሸር" ተብሎ ስለተሸጠልን የፕራግ ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ዲሴምበር 22 ቀን 2024
ለጉዞ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብንና የገንዘብ ተመላሽ መጠየቅን ይመለከታል

ከዲሴምበር 12 እስከ 16 በድርጅታችሁ በኩል ወደ ፕራግ የተጓዝን 22 ሰዎች ነን። ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ በአማርኛ ባተማችሁት ማስታወቂያ ላይ "ሙሉ ኮሸር፣ ሰንበት የሚከበርበት" ተብሎ ተጽፏል፤ ኮሸር ማለት በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ መሠረት የተዘጋጀ ምግብ ነው። ለዚህ ሲባል በመደበኛው ዋጋ ላይ በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ዩሮ ጨምረን ለ4 ቀን በድምሩ 3,520 ዩሮ ከፍለናል። የከፈልንበትን ግን አላገኘንም።

ከሁሉ የከፋው የሐሙስ እራት ነው። ምግቡ በራቢ (በአይሁድ የሃይማኖት መምህር) ቁጥጥር ተሠርቶ፣ በረዶ ሆኖና በድርብ ታሽጎ በደህና ሆቴሉ ደርሷል፤ የተበላሸው ማድ ቤት ገብቶ ነው። ኮሸር ባልሆነ ምድጃ የሚሞቅ ምግብ ሁለቱም ማሸጊያዎች ሳይነኩ መሞቅ አለበት። የአሳማ ሥጋ ሲጠበስበት የዋለ ምድጃ እንፋሎትና ስብ ወደ ምግቡ እንዳይዘልቅ የሚከላከለው ይኸው ድርብ ሽፋን ነው። ሥጋ ሲሆን ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ከተቆጣጣሪ ዓይን ርቆ የቆየ ሥጋ ሁለት ማኅተም ከሌለው፣ ላለመለወጡ ማረጋገጫ ስለሌለ አይበላም። እኛ ፊት የቀረበው ምግብ የውጪው ፎይል ወደ ጎን ተጠቅልሎ፣ የራቢው ስም ያለበት ተለጣፊ ወረቀት መሀል ለመሀል ተቀዶ፣ የውስጡ ላስቲክ ደግሞ በቢላ ጫፍ ሦስት ቦታ ተበስቶ ነበር። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የፈላ መረቅ ወጥቶ ደርቋል። 22ቱም እንዲሁ ነበሩ፤ አንዱም አልተበላም።

ምግብ አብሳዮቹን አንወቅስም። እንፋሎት እንዲወጣ ላስቲክ መብሳት የዘወትር ሥራቸው ነው፤ በማሸጊያው ላይ ያለው መመሪያ ደግሞ በዕብራይስጥ ብቻ የተጻፈ ነው። "አትክፈቱ፣ አትብሱ፣ እንደታሸገ አሙቁ፣ እንደታሸገም አቅርቡ፤ የሚከፍተው እንግዳው ራሱ ነው" የሚል አንድ ገጽ በቼክኛ ጽፎ መላክ የእናንተ ድርሻ ነበር። ያ ወረቀት አልተላከም፤ ተቆጣጣሪም አልተመደበም።

ስለ ቁርሱ ስንጠይቅ አስጎብኚያችሁ "አሳማ የለበትም" አለን። አሳማ የሌለበት ሁሉ ኮሸር አይደለም። እንቁላሉ የተቀቀለው በሆቴሉ ድስት ነው፤ ቺዙ ያለ ቁጥጥር የተሠራ ነው። ሰላጣው ውስጥ ያለው ሽንኩርት በሆቴሉ ቢላ ተከትፏል፤ ሽንኩርትን የመሰለ የሚያቃጥል ነገር ቢላው ላይ የቀረውን ጣዕም ስለሚስብ፣ በሕጉ ከማያቃጥል አትክልት በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መብላት የተቻለው ያልተከተፈ ፍራፍሬ ብቻ ነው። ዮሴፎቭ በሚባለው የአይሁድ ሠፈር ኮሸር ምግብ እያለ ይህ መሆኑ ያሳዝናል።

ወደ ሰንበቱ እንምጣ። በዚያ ዓርብ ፕራግ ላይ ፀሐይ የጠለቀችው 15፡59 ነው። የሰንበት መግቢያ ሻማ የሚበራው ከዚያ 18 ደቂቃ ቀድሞ፣ 15፡41 ላይ ነው። እናንተ ግን በዕለቱ ከከተማው በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው፣ የናዚ ማጎሪያ ወደነበረው ቴሬዚን ወሰዳችሁን፤ አውቶቡሱ ሆቴሉ በር ላይ የቆመው 15፡25 ነው። ለ22 ሰው፣ አብዛኛውም አረጋዊ ለሆነ ቡድን፣ 16 ደቂቃ ብቻ ቀረ። ፕሮግራሙ ለጁን ወር የተሠራ መሆኑን ለመገመት አያስቸግርም፤ በጁን ፀሐይ ከ21፡00 በኋላ ስለምትጠልቅ ከቴሬዚን ተመልሶ መታጠብም ማረፍም ይቻላል። በዲሴምበር ዓርብ ከከተማ መውጣት ጨርሶ አይታሰብም።

ክፍሎቻችን 6ኛና 7ኛ ፎቅ ላይ ነበሩ። በሮቹ የሚከፈቱት በመግነጢስ ካርድ ነው፤ የኮሪደሩ መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ ራሱ ይበራል። በሰንበት ኤሌክትሪክ ስለማናበራ ካርድም ሊፍትም አንነካም። ቦታ ስንይዝ በጽሑፍ የጠየቅነው ከ2ኛ ፎቅ ያልበለጠ ክፍልና ተራ ቁልፍ ነበር፤ ቁልፍ ከሌለም ካርዱን ይዞ በር የሚከፍት የሆቴል ሠራተኛ ከዓርብ በፊት እንዲመደብልን ነው። ሽማግሌዎቻችን በጎንደር ገጠር እሳት ከዓርብ ጀምበር በፊት አጥፍተው፣ በሰንበት ቀዝቃዛ ምግብ እየበሉ ያደጉ ናቸው። ትኩስ ምግብ ባይኖር ይችሉታል፤ ሰባት ፎቅ በእግር ወጥቶ በር ላይ ቆሞ መቅረትን ግን ማንም ሊጠይቃቸው አይገባም።

የአይሁድ ሙዚየሙን ጉብኝት ደግሞ ቅዳሜ 11፡00 ላይ አስቀመጣችሁት። ሙዚየሙ ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ዝግ ነው፤ ይህ የታወቀ ነው። ወደ እሑድ ሲገፋ አንድ ሰዓት ብቻ ተሰጠን። የሙዚየሙ አካል በሆነው በፒንካስ ምኩራብ ግድግዳ ላይ ከቼክ ግዛቶች ከቦሄሚያና ከሞራቪያ በናዚዎች የተገደሉ ወደ 80,000 የሚጠጉ አይሁዶች ስም በእጅ ተጽፏል፤ በሩጫ የሚታለፍ ቦታ አይደለም። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥንታዊው መቃብር ስለሚገባም በቡድኑ ውስጥ ላሉ ኮሃኒም (የካህናት ዘር ለሆኑ) አስቀድሞ መነገር ነበረበት፤ መቃብር ውስጥ መግባት ተከልክለዋል። የተነገራቸው ግን በሩ ላይ ሲደርሱ ነው።

ስለዚህ የኮሸሩ ጭማሪ 3,520 ዩሮ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስልን እንጠይቃለን። ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ፣ ምግቡ የት ተሠርቶ የት እንደሚሞቅ እስካልተጻፈ ድረስም "ሙሉ ኮሸር" የሚለው ቃል ከአማርኛው ማስታወቂያ ይውጣ። በክረምት የሚደረጉ ጉዞዎች የዓርብ ፕሮግራምም በዕለቱ የሻማ ማብሪያ ሰዓት ተለክቶ ይሠራ። መልሳችሁን በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን።

የተከፈቱት ማሸጊያዎች ፎቶ፣ ቦታ ስንይዝ የላክነው ደብዳቤና ደረሰኞቹ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል።

የጉዞው ተሳታፊዎች