የሥነ ምግባር ባለሙያው የነዳጅ ኩፖን ከማን ይጠይቅ?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰኔ ገብቷል። ባሕር ዳር ላይ የክልሉ የቀጣዩ ዓመት በጀት ይደመራል፣ ይቀነሳል፤ እዚህ ደሴ ደግሞ እስከ ሰኔ 30 ያልወጣ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል እየተባለ የግዥው ሩጫ ተጧጡፏል። በዚህ ሰሞን ልጽፍልዎ የተነሣሁት ስለ አንዲት ትንሽ የበጀት መስመር፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሙስናን ለሚከታተለው የሥነ ምግባር ክፍል ስለምትያዘው ነው። ትንሽ ስለሆነች ማንም አይከራከርላትም፤ ማንም ስለማይከራከርላትም ትንሽ እንደሆነች ትቀራለች።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ጸጉሬን አሽብቼ በጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት ለጉዳዩ አይጠቅምም። እንደ ሌሎቹ ሁሉ እኛም ዘንድ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ነበር፤ ከደረጃው ሥር፣ ቀድሞ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበት በነበረ ክፍል። አንድ ባለሙያ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እግሩ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ ወንበር። ኅዳር 30 ለፀረ ሙስና ቀን የሚሰቀለው ባነር እንኳ ዓመተ ምሕረቱ በወረቀት እየተለጠፈበት ሦስት ዓመት አገልግሏል። በሩ አጠገብ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ቁልፉ ያለው ግን በኃላፊው ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስለ ኃላፊው የሚጽፍ ደፋር ቢገኝ ወረቀቱን መጀመሪያ ማን እንደሚያነበው ይገምቱ።

አንድ ቀን ይህ ባለሙያ ጥቆማ ደረሰው። ኮምቦልቻ ባለው መጋዘናችን በሞዴል 19፣ ማለትም በዕቃ ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ የተደረገው ዕቃና መደርደሪያው ላይ ያለው አይገናኝም የሚል ነው። ኮምቦልቻ ሩቅ አገር አይደለም፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁል ተወርዶ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የአበል መጠየቂያውን ሞልቶ ወደ እኔ መጣ። መዝገቡን ገለጥኩ። የሒሳብ መደብ 6231፣ ውሎ አበል፦ ቀሪ የለም። መደብ 6217፣ ነዳጅ፦ አለ፤ ኩፖኑን የሚፈቅደው ግን ኃላፊው ነው። ግዥውን ያጸደቀውም እርሱ ነው። ባለሙያው ኩፖን ልጠይቅ ብሎ ቢገባ «ለምን ጉዳይ?» መባሉ አይቀርም። አልገባም። በራሱ ገንዘብ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወረደ፤ መጋዘን ጠባቂው ግን የሥራ ትዕዛዝ ደብዳቤ ካላመጣህ ብሎ ከበር መለሰው። ደብዳቤውን የሚፈርመው ያው ኃላፊ ነው። በሳምንቱ ደብዳቤውን ይዞ ሲመለስ መደርደሪያው ሞልቶ ጠበቀው። ከየት እንደሞላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለክፍሉ ዓመቱ ሲጀመር አበል ተይዞለት ነበር። ጥር ላይ በበጀት ዝውውር ወደ መስተንግዶ ዞረ። የዝውውሩን ሰነድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሕገ ወጥ አልነበረም፤ ፊርማውም ማኅተሙም የተሟላ ነበር። የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ሙስና ሲነሣ ስለ ሰው ሆዳምነት ማውራት እንወዳለን፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ተብሎ ይሳቃል። የሒሳብ ሰው ግን ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ ነው የሚያየው። ሕገ መንግሥቱም ይህን አልሳተም፤ በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር የመሥሪያ ቤቱን ዓመታዊ በጀት በቀጥታ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቦ እንዲያስጸድቅ ይደነግጋል። ቀለቡን ከሚመረምራቸው ሰዎች እንዳይለምን ነው። የፌዴራሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በበኩሉ በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። በ2008 የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ተወሰደ፤ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1236 እንደገና ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሆነ። ሃያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ከደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍል እስኪወርድ ስንት ይፈጅ ይሆን?

አሜሪካኖቹ በካሊፎርኒያ ያደረጉትን ሳነብ ቀንቻለሁ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1974 ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ሕግ የፖለቲከኞችን ሥነ ምግባር የሚቆጣጠር ኮሚሽን ሲቋቋም፣ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብለት እዚያው ሕጉ ላይ ተጻፈ። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያለው ሐረግ ነው፦ ገንዘቡ የኑሮ ውድነቱን ተከትሎ እየተስተካከለ ይጨምር ይላል። ይህን የጻፈው ሰው የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም።

«በ2014 በጦርነቱ የተዘረፉት ጤና ተቋማትና ትምህርት ቤቶች ተሟልተው ሳያልቁ ለሥነ ምግባር ክፍል ገንዘብ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ካርድ ለማውጣት ወረፋ የምይዝ ሰው ነኝ። ነገር ግን ለመልሶ ግንባታ አልጋ፣ መድኃኒት፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ በገፍ በሚገዛበት ጊዜ መጋዘን ገብቶ የሚቆጥር ሰው ካልተላከ መቼ ይላካል? ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነትም በአንቀጽ 6 ለእንዲህ ያለው ሥራ ነፃነት፣ አስፈላጊው ቁሳዊ ሀብትና የሠለጠነ ባለሙያ ይኑረው ነው የሚለው።

የክልሉን ምክር ቤት አባላት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሥነ ምግባር ክፍሎች በጀት ከየመሥሪያ ቤቱ ወጥቶ በክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሥር ራሱን በቻለ የበጀት መደብ ይያዝ፤ የኮሚሽኑንም ጥያቄ ምክር ቤቱ እንደ ኦዲተሩ በቀጥታ ይስማ። ከዚያ መደብ ላይ ገንዘብ ወደ ሌላ ሥራ ማዘዋወር ይከልከል። የሥራ ትዕዛዙንም ኮሚሽኑ ይፈርም። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመረጥናቸው ተወካዮች ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ይህን አንሥተው ቢከራከሩ ደስ ይለኛል።

የሳጥኑን ቁልፍ ግን እስከ ሐምሌ መጠበቅ አያስፈልግም። ከመሳቢያው ለማውጣት በጀት አይጠይቅም።

ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ
ከደሴ