የሣጥኑን ቁልፍ አገኘሁት

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። (አትሳቂ። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው።)

ባለፈው በስልክ «እዚህ ፖስተኛው በር ድረስ ያመጣል፤ እኛ ቤት ግን መጥቶ አያውቅም፣ ለምንድን ነው?» ብለሽኝ ነበር። ምን አድራሻ ይዞ ይምጣ ልጄ? «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር» ተብሎ ፖስታ ላይ አይጻፍ። ለዚህ ነው ፖ.ሣ.ቁ. (የፖስታ ሣጥን ቁጥር) ያለን። ደብዳቤው ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንቺ ትሄጂለታለሽ።

ሣጥን የሌለው በሰው ሣጥን ይጠቀማል። እኛ ደሴ ስንማር የሁላችንም አድራሻ የትምህርት ቤቱ ሣጥን ነበር። ጸሐፊዋ የመጡትን ፖስታዎች በመስኮቱ መስታወት ትደረድራቸዋለች። እረፍት ሲደወል ተጋፍተን ስማችንን እንፈልጋለን። ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ የሆነ ከመጣማ የውጭ ነውና ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ይኮራል። አንዴ አጎቴ ከአዲስ አበባ «አያትህ ታማለች፣ ቶሎ ና» ብሎ ጻፈልኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ነው።

ድሮማ መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ፖስታ በደንብ የታሰበው በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ። ሰባት ናቸው፦ አራቱ ላይ ንጉሡ፣ ሦስቱ ላይ አንበሳው። ችግሩ ውጭ አገር ሲሆን በእኛ ቴምብር ብቻ አይደርስም ነበር። ከጅቡቲ ወዲያ እንዲሄድ የፈረንሳዮቹም ይለጠፍበት ነበር። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የእኛው ቴምብር ብቻውን ባሕር ተሻገረ። እኔን ከሁሉ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

ቸርችል ጎዳና ያለውን ዋናውን ፖስታ ቤት ታውቂዋለሽ። የነደፉት የሳራዬቮ አርክቴክቶች ናቸው፣ ኢቫን ሽትራውስና ዝድራቭኮ ኮቫቼቪች፤ ጃንሆይና የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ ወዳጅ በነበሩበት ዘመን። የቴምብር ሙዚየሙም እዚያው ነው። ልጅ ሳለሽ ወስጄሽ ቴምብሩን ትተሽ አይስክሬም ብለሽ አልቅሰሻል። ዛሬ ታክሲ ውስጥ «ፖስታ ቤት ወራጅ አለ!» ከሚለው ሰው ስንቱ ደብዳቤ ልኮ እንደሚያውቅ እንጃ።

ማክሰኞ ዕለት ቁም ሣጥን ሳጸዳ የእኛን ሣጥን ቁልፍ አገኘሁት። ትንሽዬ ናት፣ ክሯ ጠቁሯል። ሄድኩና ውዝፉን ኪራይ ከፈልኩ። ከፈትኩት፤ አቧራና አንድ የቆየ የእንቁጣጣሽ ካርድ ብቻ። ከባንክ ነው፣ አትጓጊ።

እንግዲህ ተከፍሏል። አንድ ነገር ላኪበት። በቴሌግራም አይደለም፣ በእጅሽ ጻፊው። አማርኛሽ ቢሳሳትም ግድ የለም። ቴምብሩን ግን ጥሩ መርጠሽ ለጥፊ፣ አርብ አርብ እየሄድኩ አያለሁ።

አባትሽ