ቤቱን ሳታገኚ አትጀምሪ

ሸጋዋ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ዛሬ ጣና ላይ ንፋስ ስላለ ጀልባዎቹ ከጠዋት ጀምሮ እንደታሰሩ ዋሉ። ገበያም የለ፣ ሱቁን ቶሎ ዘግቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

አክስትሽ ደውላ ነበር። የሙዚቃ ቲዎሪ ፈተና መውደቅሽን ነገረችኝ። እሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። «ቲዎሪ ለፈረንጅ ነው፣ እኔ በጆሮዬ እጫወታለሁ፣ ትምህርቱን ልተወው ነው» ማለትሽን ስሰማ ግን እንቅልፍ አጣሁ። እናትሽ አልሰማችም። ከኔም አትሰማም።

ፈተናው ላይ «ማይነር የሐዘን ስኬል ነው» ብለሽ ጽፈሻል አሉ። ልጄ፣ ስኬል በቅደም ተከተል የሚወጣ የድምፆች መሰላል ነው፤ ይሄ መልስ አይደለም። ሰርግ ቤት ስንቱ ሰው በማይነር ዘፈን ላብ እስኪያጠምቀው እስክስታ ሲመታ አይቻለሁ። ማይነር የሚታወቀው በድምፆቹ ርቀት ነው። ኪቦርድሽ ላይ ከላ ድምፅ ተነሺና ነጭ ነጩን ቁልፍ ብቻ እየተጫንሽ እስከሚቀጥለው ላ ውጪ። ከአንድ ቁልፍ እስከ አጠገቡ፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ፣ ግማሽ ድምፅ ነው፤ ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ነው። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ። ከመነሻው እስከ ሦስተኛው ድምፅ ሦስት ግማሽ ድምፅ ነው ያለው። ሜጀር ቢሆን አራት ይሆን ነበር። ልዩነቱ በዋናነት እዚያች ላይ ነው።

አሁን እነዚያኑ ነጭ ቁልፎች ከዶ ጀምሪ። ዶ ሜጀር ሆነ። አንድም ድምፅ አልጨመርሽም፣ አልቀነስሽም። የተለወጠው ቤቱ ነው፤ ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበት ድምፅ። ስለዚህ የኖታው መስመር ላይ ያሉትን ሻርፖች፣ ድምፅን በግማሽ ከፍ የሚያደርጉትን ምልክቶች፣ ቆጥረሽ አወቅሁት አትበይ። አንድ ሻርፕ ካየሽ ሶል ሜጀርም ሊሆን ይችላል፣ ሚ ማይነርም ሊሆን ይችላል። ቤቱን ሳታገኚ አትጀምሪ።

ለፈረንጅ ነው ላልሽው ደግሞ፣ የራሳችንን ቅኝት፣ ትዝታ ማይነርን፣ ከላ ተጫወቺው። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። ከዚያ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዘሽ ሚን ቤት አድርጊው። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አምባሰል ቅኝት ነው! አያትሽ ይህን ያለ ኖታ ያውቁት ነበር።

ያንን የሰርግ ሌሊት እናትሽ ግማሹን ነግራሻለች። ግማሹን እሷም አታውቀው። ያኔ በጣቴ የማውቀው ላ ማይነርን ብቻ ነበር። ዘፋኝ ዝቅ አድርግልኝ ካለኝ የኪቦርዱን ድምፅ ሁሉ ባንዴ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ፣ ትራንስፖዙን፣ እጫናለሁ፤ ጣቴ ግን ያው ላ ላይ ነው። የዚያን ሌሊት ለምትዘፍነው ልጅ ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጌላት ነበር። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ኪቦርዱ ሁሉን ረስቶ ወደ ድሮው ቦታ ተመልሷል። እኔ አላየሁም። መግቢያውን ተጫወትኩ፣ እሷም ገባች። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፋ ሻርፕ ማይነርን ባውቀው ኖሮ እዚያው አወርድላት ነበር። ጣቴ ግን የት እንደሚሄድ ጠፋው።

ማይኩን አስቀምጣ ወጣች። ጓደኞቼ ምን ሆነች ሲሉኝ ጉሮሮዋን አሟት ነው አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው አላልኩም። ከዚያ ወዲያ የጠራት የለም፣ ከተማውንም ለቀቀች። ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ይሄንን ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንቺ ነው አሁን የምነግርሽ።

አያትሽ ከዘጌ ለዚያው ሰርግ መጥተው ነበር። ሁሉን አይተዋል። ጠዋት ክራሩን አቀበሉኝና «ቤቱ የትኛው ክር ነው?» አሉኝ። ነካክቼ አንዱን አሳየኋቸው። አልነበረም። ደግመው ጠየቁኝ። እኔ አፍሬም ተናድጄም ስለነበር «ይሄ ያለፈበት ነገር ነው» ብዬ ተነሳሁ። ጀልባው ድረስ ስሸኛቸው ምንም አላሉኝም። በዚያው ዓመት አረፉ። ክራሩ ያው እንደምታውቂው ሳሎን ተሰቅሏል። «ለፈረንጅ ነው» አለች ሲሉኝ የሰማሁት የራሴን አፍ ነው።

በማይነር ሶል ለምን ሻርፕ ይሆናል የሚለውንም የፈተና ጥያቄ አልመለስሽውም አሉ። ስሚ። በላ ማይነር ሶል ከላ በሙሉ ድምፅ ይርቃል፣ ወደ ቤት አይጎትትም። በግማሽ ድምፅ ከፍ ስታደርጊው ቤቱን ተጠጋ። ሚ፣ ሶል፣ ሲ አብረው ሲመቱ የሚወጣው ኮርድም ሜጀር ሆነና ወደ ላ መገፋት ጀመረ። ሃርሞኒክ ማይነር ይሄ ነው። ያኔ ግን ከፋ እስከ ሶል ሻርፕ ያለው ክፍተት አንድ ተኩል ድምፅ ይሆናል፣ ለዘፋኝ ይከብዳል። በሜሎዲክ ማይነር ስትወጪ ፋንም አብረሽ ከፍ የምታደርጊው ለዚህ ነው። ስትወርጂ ሁለቱንም ትመልሻቸዋለሽ። ትዝታ ማይነር ውስጥ ግን ሶል ራሱ የለም። ስለዚህ ትዝታ ስር ያንን ኮርድ ዝም ብለሽ አትወርውሪ፤ ለኔ ጆሮ ወጥ ላይ ስኳር እንደመነስነስ ነው።

የኪቦርድሽን ትራንስፖዝ ቁልፍ ዛሬውኑ በፕላስተር ሸፍኚው። ቀልዴን አይደለም። መጀመሪያ ላ ማይነር፣ ቀጥሎ ባለ አንድ ሻርፑን ሚ ማይነር፣ ከዚያ ባለ አንድ ፍላቱን፣ ድምፅን በግማሽ ዝቅ የሚያደርግ ምልክት ያለበትን፣ ሬ ማይነር። አንዱ ሳይገባሽ ወደ ሌላው አትለፊ። ቤቱን ሳታገኚ አትጀምሪ።

የዘጌ ቡና በአክስትሽ ልጅ ልኬልሻለሁ፣ በርበሬውም አለበት። ኪራዩን በ25 አስገባለሁ። ማታ ስትወጪ ጋቢውን ደርቢ። መምህርሽን ነገ ጠዋት ሄደሽ ድጋሚ ፈተና ጠይቂ፤ በስልክ ሳይሆን በአካል። አላስፈትንም ካሉሽ እኔ እመጣለሁ።

እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስልኩን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጪውና በትዝታ ማይነር ጀምሪልኝ። መሀል ላይ ሳትነግሪኝ ወደ አምባሰል ተሻገሪ። ቤቱ የት ላይ እንደተቀየረ እኔ ልንገርሽ። ክራሩንም አውርጄ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ
ባሕር ዳር