ከታራዋ ለወንድም ዓለም

ይድረስ ለወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ዘመን ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ብቅ ስል «ይሄ ሰው ምን ሆኖ ነው?» እንደምትል አውቃለሁ። ምንም አልሆንኩም። ብሪዝቤን ከገባሁ ወዲህ የተቀጠርኩበት ድርጅት ለውሃ ሥራ ኪሪባቲ ይልከኛል፤ ይህንንም የምጽፍልህ ከዚያው ከታራዋ ነው። አርባ ምንጭ አብረውን ከተማሩት ሁሉ የዚህ አገር ነገር ቶሎ የሚገባው ጅግጅጋ ተቀምጦ ከውሃ ጋር የሚታገለው አንተ ነህ ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ።

ኪሪባቲ ፓስፊክ መሀል የተበተኑ 33 ደሴቶች ናቸው። ሕዝቡ 120,000 ገደማ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ደቡብ ታራዋ ላይ ተጨናንቆ ይኖራል። መሬቱ የኮራል አሸዋ ሲሆን አብዛኛው ከባሕር ወለል ሁለት ሦስት ሜትር ቢነሣ ነው። ብዙ ቦታ ላይ አስፋልቱ መሀል ቆመህ በግራም በቀኝም ባሕር ይታይሃል። ወንዝ የለ፣ ምንጭ የለ።

ጋዜጠኛው ሁሉ «እየሰጠሙ ያሉ ደሴቶች» ይላል። የጎረቤታቸው የቱቫሉ ሚኒስትር ሳይመን ኮፌ በ2021 ሱሪውን ጠቅልሎ ባሕር ውስጥ ቆሞ ሲናገር ሳታይ አልቀረህም። ያ ምስል ዓለምን ቀስቅሷል፣ ደግ አደረገ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ እነዚህን ሰዎች ከመስጠሙ በፊት የሚያስለቅቃቸው ውሃ ጥም ነው። የድሮ የአየር ፎቶ ከሳተላይት ምስል ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ደሴቶች ብዙዎቹ በስፋት እንዳልቀነሱ፣ አንዳንዶቹም እንደጨመሩ አሳይተዋል፤ ማዕበሉ የኮራል ስብርባሪ እየተሸከመ ያመጣላቸዋል። ታዲያ መሬቱ ቢተርፍ የሚጠጣ ከሌለበት ምን ይሠራል?

ወደ ሙያችን ልምጣ። ዝናቡ በአሸዋው ሰርጎ ይገባና እንደ ወጥ ዘይት ጨዋማው ውሃ ላይ ይሰፍፋል። በንድፈ ሐሳቡ ጣፋጩ ውሃ ከባሕር ወለል አንድ ሜትር ከፍ ካለ ከሥሩ 40 ሜትር ያህል ይኖራል፤ እዚህ ግን ያ ከፍታ የሚለካው በሳንቲሜትር ነው። እኛ እንደለመድነው ሪግ አምጥተህ 100 ሜትር ብትቆፍር ጨው ነው የምታወጣው። ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ አድርገው አግድም ይቀብሩና ከላይ ከላዩን በቀስታ ይቀዳሉ። ፓምፑን ካጠነከርከው ጨዉ ከሥር ይነሣብሃል። የታራዋ ዋና የውሃ ክልል ቦንሪኪ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ የሚሠራው እንዲህ ነው። ማዕበል አንድ ጊዜ ከላይ ከተረማመደበት ደግሞ ዝናብ ጨዉን አጥቦ እስኪያወርደው ወራት ይፈጃል።

በ2022 ድርቅ ገብቶ መንግሥት የአደጋ ጊዜ አወጀ። ያው ላኒና የሚሉት፣ የፓስፊክ ውሃ ቀዝቅዞ ዝናቡን የሚያዛባው ነው፤ በዚያው ዓመት እናንተ ጋ ሶማሌ ክልልና ቦረና ላይ ከብቱን የፈጀው። ይሄን ሳስብ ዓለም ጠበበችብኝ።

የማድርበት ቤት እመቤት ግቢዋ ውስጥ የእጅ ጉድጓድ አላት። ጠዋት ጠዋት ጣቷን ነክራ ትቀምስና «ዛሬ ለልብስ ይሆናል፣ ለሻይ አይሆንም» ትለኛለች። እኔ መለኪያዬን አስገብቼ ቁጥሩን ሳነብ ሁልጊዜ እሷ ትክክል ናት። ከቤቱ ጀርባ የባባይ ጉድጓድ አለ፤ ባባይ የጎደሬ ዘመድ ነው፣ ውሃው እስኪገኝ ድረስ ተቆፍሮ ረግረጉ ውስጥ ይተከላል፣ ለድግስም ያለ እሱ አይሆንም። የእሷ ቅጠሉ ከዳር ከዳር ቢጫ ሆኗል። ጨው ነው።

እርዳታው ምን ይመስላል ካልከኝ፣ ዓይን የሚሞላው ይቀድማል። የባሕር ግንብ ይሠራል፤ ግንቡ የአንዱን ቤት አድኖ ማዕበሉን ወደ ጎረቤት ግቢ ይገፋል። ደሴት ከደሴት ለማያያዝ የተደለደለው መንገድም የአሸዋውን ጉዞ አዛብቷል። ቱቫሉ ፉናፉቲ ላይ በአሸዋ ሙሌት 7 ሄክታር ገደማ አዲስ መሬት ወጥቷል፤ እሱ ጥሩ ሥራ ነው፣ አላጣጥለውም። ግን እዚህ ስንቱ ሮቶ ባዶውን ቆሟል መሰለህ? ጣራው ቆርቆሮ፣ ዝናቡም ይመጣል፣ አሸንዳው ግን በባሕር ነፋስ ዝጎ ወድቋል። አሸንዳ ሲጠገን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለማ! የባሕር ውሃ ማጣሪያ ማሽን መኖሩ ባይጠላም መብራትና መለዋወጫ ይጠይቃል፤ መለዋወጫው ደግሞ በመርከብ ነው የሚመጣው።

መሄዱንም ያስባሉ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት አኖቴ ቶንግ በ2014 ፊጂ ውስጥ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት አስገዝተው ነበር፤ ከሳቸው በኋላ የመጡት ታኔቲ ማማው ደግሞ እዚሁ መልማቱን መርጠዋል። አውስትራሊያም ከቱቫሉ ጋር በ2023 በፈረመችው ውል በዓመት እስከ 280 ሰው ትቀበላለች። እኔ በሩ መከፈቱን እደግፋለሁ፤ ራሴም ተሰድጄ የምበላ ሰው ነኝ። ነገር ግን «ለማንኛውም ይሄዳሉ» ተብሎ አሸንዳው ሳይጠገን ከቀረ፣ ያ ምርጫ ሳይሆን ማባረር ነው። እዚህ ወንዶቹ ጠዋትና ማታ ኮኮናት ዛፍ ላይ ወጥተው እየዘፈኑ ጭማቂውን ያልባሉ። አንዱን ስለ ፊጂው መሬት ብጠይቀው ከላይ ሆኖ ሳቀብኝና ዘፈኑን ቀጠለ።

አሁን የምለምንህ ነገር አለ። እናንተ ጋ ቢርካ፣ ያን የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ፣ የሚያስተዳድሩት ኮሚቴዎች ቁልፉን ለማን ነው የሚሰጡት? በድርቅ ጊዜ ለጎረቤት ሲሸጥ ዋጋውን ማን ይቆርጣል? የመጀመሪያውን ቆሻሻ ዝናብ የሚያስወግዱበትን ንድፍ ካለህ ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ። እዚህ በመንደሩ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ከሽማግሌዎቹ ጋር ልንነጋገርበት ቀጠሮ ይዘናል፤ ከፈረንጅ መመሪያ ይልቅ የእናንተን ባሳያቸው እመርጣለሁ።

እማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ