ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ስለ መኖር፤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። በስልክ ያነሣሽልኝ የቤት ጉዳይ የልጅሽን ጠዋትና ማታ፣ የባለቤትሽን እንቅልፍና የአንቺን ሥራ በአንድ ጊዜ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ እንድታነቡት በጽሑፍ ላሰፍርልሽ ወደድሁ። ለምርጫ የቀረቡላችሁ ቤቶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከልጅሽ ትምህርት ቤት ጋር አጥር የሚጋራ፣ ሁለተኛው በዚያው ሰፈር ውስጥ ሆኖ በሕፃን እርምጃ ሩብ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ። አንቺ የመጀመሪያውን መርጠሻል። እኔ ደግሞ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴን አንድ በአንድ ልንገርሽ።

ከአያት ኮንዶሚኒየም መልቀቃችሁን ግን ከልቤ እደግፋለሁ። የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ሕፃናቱን ከየሰፈሩ እየሰበሰበ ስለሚዞርና የልጅ ልጄም በመጀመሪያ ከሚሳፈሩት አንዱ በመሆኑ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንደሚቀሰቀስና መኪናው ውስጥ እያንቀላፋ እንደሚሄድ አጫውተሽኛል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ሐኪሞች የሚመክሩት በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት ላይ የሚነሣ ልጅ ግን የሚያገኘው 8 ሰዓት ብቻ ነው። ጉድለቱ በአንድ ቀን አይታይም፤ ሐሙስና ዓርብ ላይ መነጫነጭ፣ የቤት ሥራ ላይ መፍዘዝ፣ ምሳ ዕቃን ሳይነኩ መመለስ ሆኖ ይወጣል። በቅርብ ቢኖር 1 ሰዓት ላይ ተነሥቶ፣ ቁርሱን ተረጋግቶ በልቶ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሰልፍ ላይ ይደርሳል። የሰርቪሱ ክፍያ ይቀርላችኋል፤ ትኩሳት ያዘው ተብሎ ሲደወልልሽም ታክሲ ስትጠብቂ ልብሽ አይጨነቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መምህራኑ ያውቁሻል። የወላጆች ስብሰባ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ የምትታይ እናትና በየቀኑ በር ላይ ሰላምታ የምትሰጥ እናት ስለ ልጃቸው የሚሰሙት ነገር እኩል አይደለም።

እዚህ በወሎ ገጠር ትምህርት ቤት ሲርቅ ምን እንደሚያስከትል አይተናል። ዳገቱን ወጥቶ ወንዙን ተሻግሮ የሚማር ልጅ ክረምቱ ሳይወጣ ወይም አዝመራ ሲደርስ መቅረት ይጀምራል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ወላጆቿ የመንገዱን ነገር ፈርተው ቀድመው ያስቀሯታል። ስለዚህ ቅርበትን አቃልዬ የማይ አይምሰልሽ። የምልሽ ነገር፣ ቅርብ መሆንና አጥር መጋራት የተለያዩ መሆናቸውን ነው።

የደሴው ቤታችን ከትምህርት ቤት ጋር ጀርባ ለጀርባ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ አንቺ ግን በዚያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ከሚጮኹት አንዷ ስለ ነበርሽ ከዚህ ወዲህ ያለውን አላየሽውም። ጠዋት የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በድምፅ ማጉያ ይጀመራል፤ ማስታወቂያው ይነገራል፤ ያረፈዱት ይገሠጻሉ። በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ሙዚቃና መልእክት ያስተላልፋል። ከዚያም ደወል፣ የኳሱ ጩኸት፣ አጥር ዘልሎ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፈው ኳስ፣ ኳሱን ፍለጋ የሚንኳኳው በር ይቀጥላል። የማታ ትምህርት ካለ ምሽቱም የራስሽ አይሆንም። እኔ ቀን የማልተኛ ሰው ስለ ሆንሁ ለምጄዋለሁ፤ የልጆች ድምፅ የሌለበት ክረምት ሲመጣ እንዲያውም ቤቱ ይጨልምብኛል። ባለቤትሽ ግን ነርስ ነው። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ አድሮ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋው ላይ ጋደም ሲል፣ ከመስኮቱ ሥር የአንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ቀን እየተጀመረ ነው። እንቅልፍ ያጣ ነርስ ለራሱም ለበሽተኛውም አደጋ መሆኑን እሱ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል፤ ለአንቺ ብሎ ዝም ብሎ ከሆነ አንቺ ጠይቂው።

ሁለተኛው ጉዳይ በሩ ነው። ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ከሰዓት በኋላም 9 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ልጅ የሚያመጣውና የሚወስደው መኪና ሁሉ የሚቆመው እናንተ በር ላይ ነው። ጥሩምባው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚጠብቀው ሰርቪስ ጭሱን ወደ ግቢያችሁ ይለቃል፤ ድንገት በሽተኛ ይዞ መውጣት ቢያስፈልግ ደግሞ መውጫ አይኖርም። ቆሎ፣ ሳምቡሳና ማስቲካ የሚሸጡት ሰዎች እንጀራቸው ስለ ሆነ አልነቅፋቸውም፤ ከእነሱ ጎን የሚከፈተው ጫት ቤትና ሲጋራ በነጠላ የሚቸረቸርበት ሱቅ ግን ያሳስበኛል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ትምባሆም ሆነ የአልኮል መጠጥ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ቢከለክልም፣ ደንበኛቸው የደንብ ልብስ የለበሰው ልጅ እንደ ሆነ በየከተማው የሚታይ ነው።

ሦስተኛውን ማንም ቤት አከራይ አይነግርሽም። አጥር ሥር ያለ ቤት የሁሉ ልጅ ማረፊያ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ልብስ የምትሰፊው እዚያው ቤትሽ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እንደምትገኚ ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ አንዲት ጓደኛሽ፣ «ዛሬ ብቻ እስክመጣ ይቆይልኝ» ትልሻለች፤ ከዚያ የባለቤትሽ ዘመድ፣ ከዚያ አንድ ቀን ሰላም ያልሻት ጎረቤት። አገራችን ውስጥ በር ላይ የቆመ ሕፃን ተመለስ አይባልም፤ መባልም የለበትም። ግን ለአንድ ልጅ የተሠራው ምሳ ለአራት መድረስ አለበት፤ ለደንበኛ ቅዳሜ ልታስረክቢ ቃል የገባሽበት ቀሚስም ሳይዘመዘም ያድራል። እኔ ይህን ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ደስም ይለኛል፤ የእኔ ጊዜ ግን በሰዓት የሚከፈልበት አልነበረም። ለአንቺ በወር ምን ያህል ሥራ እንደሚያስቀርብሽ አስቀድመሽ አስቢው።

የልጁንም ጠባይ አስቢ። በመምህርነት ያገለገሉት ጎረቤታችን ደጋግመው የሚሉት ነገር ቢኖር፣ አርፍዶ የሚመጣው ከሩቅ የሚነሣው ሳይሆን በሩ ላይ የሚኖረው ልጅ መሆኑን ነው። «የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል» የተባለው ለዚህ ነው፤ ደወሉን እየሰማ ካልሲ የሚፈልግ ልጅ መቼም አይቸኩልም። ሩብ ሰዓት የሚሄድ ልጅ ግን ከጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ ይሄዳል፤ ሲመለስ በትምህርት ቤት የገጠመውን ለአንቺ የሚያወራበት መንገድ አለው። አጥር ተሻግሮ የሚገባ ልጅ ቦርሳውን ወርውሮ መልሶ ይወጣል።

ሩብ ሰዓቱን የወደድሁት ግን መንገዱ አስፋልት ሳያሻግር በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን የሚያደርስ መሆኑን ስለ ነገርሽኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እግረኛን የሚገጨው መኪና ፍጥነት በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የሞት አደጋው በ4.5 እጥፍ ይጨምራል። መንገዱ አንድ ሰፊ አስፋልት የሚያቋርጥ ቢሆን ኖሮ ጩኸቱንም ጭሱንም ችላችሁ አጥሩ ሥር ግቡ እልሽ ነበር።

ደግሞም ትምህርት ቤቱ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደሚያስተምር አረጋግጪ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃ የሚያበቃው 6ኛ ክፍል ላይ ነው፤ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ስለ ጀመረ፣ አንድ ቤት ልጅን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ መጨረሻው ፈተና በቅርብ አያደርስም። ለዚህም ነው ለአጥሩ ቅርበት ሲባል ከፍ ያለ ኪራይ መክፈል የማይታየኝ።

ስለ ውሉ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አከራዩ፣ «ትምህርት ቤት አጠገብ ስለ ሆነ ፈላጊው ብዙ ነው» ብሎ የስድስት ወር ቢጠይቅሽ አትክፈይ፤ ውሉንም አስመዝግቡ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱንም ቤቶች በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዚያም በእረፍት ሰዓት ሄዳችሁ እዩ፤ እሑድ ያየሽው ጸጥታ የትምህርት ቤት ሰፈር ጸጥታ አይደለም። ባለቤትሽ ከአዳር ተረኝነት ሲወጣ አብሮሽ ይሂድና የመኝታ ክፍሉን መስኮት ዘግቶ ጥቂት ይቀመጥበት። ወደ ሁለተኛው ቤት የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ልጁን ይዘሽ በእግርሽ ሂጂው፤ ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድና ልቅ ውሻ መኖር አለመኖሩን አስተውዪ። ያያችሁትን ጽፈሽ ላኪልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ፤
ከደሴ